በባዕድ አገር የሚስዮን አገልግሎት፦ ወጣቶችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከእሁድ ስብሰባ በኋላ በግቢ ውስጥ፣ በስልክ፣ አንዳንዴም በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር የሚቀርቡልኝ ናቸው። ጠያቂዎቼ የሚስዮን ጥሪ የሚጠባበቁ ወጣቶችና ልጃቸውን ለመሸኘት የሚሰናዱ ወላጆች ናቸው። የምጽፈው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ስለምትልካቸው ወጣት ሚስዮናውያን ነው። እኔ ያገለገልኩት ኡጋንዳ ስለሆነ ምሳሌዎቼ በብዛት ከካምፓላና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ደንብ በየጊዜው ስለሚሻሻል ቁጥርና ቀን የሚነኩ ነገሮችን ከቅርንጫፍ ፕሬዝዳንታችሁ፣ ማለትም ከአጥቢያችሁ ጉባኤ መሪ ጋር አረጋግጡ። የኑሮውን ነገር ግን የኖረው ሰው ቢያወራው ይሻላል ብዬ ነው የተነሳሁት።

ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር የስም ባጅ ደረታቸው ላይ አድርገው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱት ልጆች ምንድን ነው የሚሠሩት?

ሥራቸው ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ መማር የሚፈልገውን ማስተማር፣ አዲስ አባላትን ማጠናከርና ሰውን በጉልበታቸው ማገዝ ነው። የቤተክርስቲያኗ የመጀመሪያ ሚስዮናዊ የሚባለው ሳሙኤል ስሚዝ መጻሕፍት በከረጢት ይዞ በእግሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1830 ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ400 በሚበልጡ ሚስዮኖች፣ ማለትም የአገልግሎት ክልሎች፣ ከ70,000 በላይ ሰዎች ያገለግላሉ፤ አብዛኞቹም ገና ሃያዎቹን ያልተሻገሩ ወይም በቅርቡ የተሻገሩ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2020 ራሷን የቻለች የሚስዮን ማዕከል ሆናለች።

ደመወዝ የለውም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው ስለማያምነው ነው።

በስንት ዓመት ይሄዳሉ? ለምን ያህል ጊዜ?

ወንዶች 24 ወር፣ ሴቶች 18 ወር ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የወንዶች መነሻ ዕድሜ ከ19 ወደ 18፣ የሴቶቹ ከ21 ወደ 19 ዝቅ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሄዱት እህቶች ቁጥር በግልጽ ጨምሯል። የአሁኑን የዕድሜ ደንብ በየቅርንጫፋችሁ ጠይቁ።

አገሩን የምመርጠው እኔ ነኝ?

አይደላችሁም። ማመልከቻውን ከጤናና ከጥርስ ምርመራ ውጤት ጋር ትሞላላችሁ፣ የቅርንጫፍ ፕሬዝዳንታችሁ ያነጋግራችኋል፣ ከዚያ ምደባው ከበላይ መሪዎች ይመጣል። ድሮ ትልቅ ፖስታ ነበር የሚጠበቀው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ግን ጥሪው በኢንተርኔት ይደርሳል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ስክሪን ላይ ያነባል። አሜሪካ የጠበቀ ልጅ ጎረቤት አገር ሲወጣለት ፊቱ ሲቀያየር አይቻለሁ። እንዲህ ለሚሰማው ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ የምትሄደው አገር ለማየት ከሆነ የትም ብትመደብ አይበቃህም፤ ለማገልገል ከሆነ ግን የትም ሰው አለ።

እውነቱን ንገሩን፤ ይህ ወደ ውጭ መውጫ መንገድ አይደለም?

አይደለም። ይህን ያሰበ ሰው ባያመለክት ለራሱም ለተከታዮቹም ይበጃል። ቪዛው ለአገልግሎት ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ወደ መጡበት አገር መመለስ ግዴታ ነው። አንድ ልጅ ቃሉን አፍርሶ ቢቀር ጉዳቱ በእርሱ አያበቃም፤ ከእርሱ በኋላ በዚያው ፓስፖርት ለሚያመለክት ሁሉ በሩ ይጠብባል። ቪዛ ራሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እስኪመጣ ድረስ በአገር ቤት ጊዜያዊ ምደባ ተሰጥቷቸው የሚጀምሩም አሉ።

ማሠልጠኛው ምን ይመስላል?

ትልቁ ማሠልጠኛ ፕሮቮ፣ ዩታ ነው፤ በአፍሪካ ደግሞ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አሉ። ከኮቪድ ወዲህ የመጀመሪያው ክፍል በኢንተርኔት ከቤት ሆኖ ይጀመራል። አዲስ ቋንቋ የሚማሩት ለሳምንታት ይቆያሉ፤ በሚያውቁት ቋንቋ የሚያገለግሉት ቶሎ ይወጣሉ። ለእኛ ልጆች ፈተናው እንግሊዝኛው ነው። መናገር አይደለም የሚያስቸግረው፣ በእንግሊዝኛ መጸለይ ነው። ልብ የሚፈልገው ቃል በአማርኛ ቀድሞ ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት በየማታው ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጸልዩ፤ ሰዋስውን ማንም አይቆጥርባችሁም።

ቀኑ እንዴት ያልፋል?

በእኛ ሰዓት ልንገራችሁ። መነሳት ከማለዳው 12:30 ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራል፤ ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል፣ ፑሽ አፕ፣ ወይም ከባልደረባ ጋር ሩጫ። ከዚያ መታጠብ፣ ቁርስ፣ ቀጥሎ ጥናት። መጀመሪያ ለየብቻ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከዚያ ሁለቱም አብረው በዕለቱ ለሚያገኟቸው ሰዎች ምን እንደሚያስተምሩ ይዘጋጃሉ። የቋንቋ ጥናት ያለበት ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የሚስዮን መሪዎች ሰዓቱን ከአገሩ ልማድ ጋር ማስተካከል ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም።

ረፋድ ላይ ይወጣል። ካምፓላ ላይ ይህ ማለት በአብዛኛው በእግር መሄድ ነው። ከተማዋ ኮረብታ በኮረብታ ናት፤ ቀይ አፈሩ በበጋ አቧራ፣ በዝናብ ጭቃ ሆኖ ጫማና ሱሪ ይበላል። ታክሲ የሚሉት የእኛን ሚኒባስ ነው። ቦዳ ቦዳ የሚባለው ሞተር ብስክሌት በየመስቀለኛው መንገድ ይጠራችኋል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት የሚስዮናችሁን መመሪያ እዩ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፦ ኡጋንዳ ውስጥ መኪና በግራ በኩል ነው የሚሄደው። መንገድ ስትሻገሩ አዲስ አበባ የለመዳችሁት አንገት ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይዞራል። ልጃቸውን ወደ ኡጋንዳ ለሚልኩ እናቶች ሁሉ ይህን ሳልናገር አልቀርም።

ቀኑ በቀጠሮ የተሞላ ይመስላል እንጂ ከቀጠሮው ብዙው ይፈርሳል። ሰውዬው ገበያ ሄዷል፣ ልጅ ታሟል፣ ዝናብ ጥሏል። ያን ጊዜ ጎረቤቱን ሰላም ትላላችሁ፣ ውኃ ለምትቀዳ እናት ጄሪካን ትሸከማላችሁ፣ ማሳ ላይ የምታገኙትን ሰው መቆፈሪያ ተቀብላችሁ ታግዛላችሁ። የካምፓላ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት ባጋንዳዎች ሰላምታ ያረዝማሉ፤ ሴቶች ታላቅ ሰው ሲሳለሙ በጉልበታቸው ይንበረከካሉ። እኛም የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የመንደሩን ደኅንነት ሳንጠይቅ ወደ ጉዳይ ስለማንገባ ይህ ለሐበሻ ልጅ አይከብድም። በዚህ ረገድ ከሌላ አገር ከመጡት ይልቅ እኛ ቶሎ እንላመዳለን።

ማታ 3 ሰዓት ገደማ ቤት መግባት፣ የነገውን ማቀድ፣ 4:30 ላይ መብራት ማጥፋት። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥያቄ አይሆንም፤ አልጋው ሳይነካችሁ ይወስዳችኋል።

እሁድ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ቦታ ሰኞ፣ የዝግጅት ቀን ነው፤ ልጆቹ ፒ-ዴይ ይሉታል። ልብስ ማጠብ፣ ገበያ መሄድ፣ ቤት ማጽዳት፣ ኳስ መጫወት፣ ቤተሰብ ጋር መደወል። ከቀኑ 12 ሰዓት ላይ ያበቃና ምሽቱ እንደገና የሥራ ነው።

ባልደረባ የሚባለው ምንድን ነው? ለምንስ ብቻቸውን አይሄዱም?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

ሚስዮናውያን ኮምፓኒየን የሚሉት ባልደረባ ይመደብላቸዋል። አይመርጡትም። ከመታጠቢያ ቤት በቀር ከዓይንና ከጆሮ ሳይርቁ አብረው ይውላሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ በየአልጋቸው ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ያስተምራሉ። በየስድስት ሳምንቱ ምደባ ይከለሳል፤ ባልደረባ ሊቀየር፣ ሰፈር ሊቀየር፣ ሁለቱም ሊቀየሩ፣ ወይም ሁሉም እንዳለ ሊቀጥል ይችላል። አንዱ ባልደረባችሁ ከናይሮቢ ጭንቅንቅ፣ ቀጣዩ ከዚምባብዌ ገጠር፣ ሌላው ከዩታ ሊመጣ ይችላል።

ወጣቶቻችን የሚዘጋጁት ለስብከቱ ነው። ጥቅስ ይሸመድዳሉ፣ ንግግር ይለማመዳሉ። የሚፈትናቸው ግን ሌላ ነው፦ ጠዋት ሲነሳ የማያናግር ሰው፣ ሰሃን የማያጥብ ሰው፣ ሁሉን ነገር በቀጥታ የሚናገር ሰው። እኛ ይሉኝታ አለብን። ያስከፋንን በዝምታ ውጠን፣ ፊታችንን አጥቁረን፣ ሦስተኛ ሰው መጥቶ እንዲያስታርቀን እንጠብቃለን። አገር ቤት ሽማግሌ አለ፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ። እዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ፤ የሚያስታርቅ የለም። አሜሪካዊው ባልደረባ ዝምታችሁን አያነብም። ተቀይማችሁ ሳለ እርሱ «ደክሞት ነው» ብሎ ይተኛል።

ለዚህ የተበጀ ጥሩ ሥርዓት አለ። በየሳምንቱ ሁለቱ ቁጭ ብለው በጸሎት ይጀምራሉ፤ አንዱ የሌላውን መልካም ጎን ይናገራል፣ ከዚያ የከበደውን ነገር ያወጣል፣ አብረው መፍትሔ ይፈልጋሉ። የሐበሻ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ምንም የለም፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ አትለፉት። «ማታ ስልክ ስትነካካ መብራቱ እንቅልፍ ይነሳኛል» ማለት ጥል አይደለም። አንድ ልጅ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊት፣ በፍቅርና ያለ ቁጣ መናገር ከቻለ፣ ሚስዮኑን ግማሹን ተሸክሞታል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ በትዳሩም፣ በመሥሪያ ቤቱም የሚያገለግለው ይኸው ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ተስማምቶ አብሮ መሥራት ራሱ የእምነቱ ክፍል ነው። ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ የገባችሁበት ቤት ውስጥ የምታስተምሩት ስለ ሰላም ከሆነ፣ የቤቱ ባለቤት ያውቃል። ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ወላጆች፣ ለዝግጅቱ ልትረዱ የምትችሉት ቤት ውስጥ ነው። ልጃችሁ፣ በተለይ ወንድ ልጃችሁ፣ ሽሮ መሥራት፣ እንቁላል መጥበስ፣ ሸሚዝ በእጁ አጥቦ መተኮስ ይቻል። እህቱ የምትሠራለት ልጅ ባልደረባውን ያደክማል።

ኤልደር ሲሏቸው የሚጠሩት በማን ስም ነው?

ፓስፖርት ላይ መጨረሻ በተጻፈው ስም ነው፤ ለብዙዎቻችን ይህ የአያት ስም ነው። ወንዱ ኤልደር፣ ሴቷ ሲስተር ተብለው በዚያ ይጠራሉ። ፈረንጅ በቤተሰብ ስሙ ሲጠራ ለምዶታል። እኛ ግን በራሳችን ስም ተጠርተን ነው ያደግነው፤ አያታችንን በአካል ያላወቅን ብዙ ነን። እኔ አያቴን አላየሁትም። ካምፓላ ላይ ሕፃናት በየመንደሩ የእርሱን ስም እየጠሩ ሲሮጡልኝ፣ ያ ገበሬ ሰውዬ ስሙ እዚህ ድረስ ይመጣል ብሎ አስቦ ያውቅ ይሆን እያልኩ እገረም ነበር። ስሙን ላለማሰደብ መጠንቀቄም አልቀረም።

ምግቡስ? እንጀራ ይገኛል?

ኡጋንዳ ውስጥ የሚቀርብላችሁ ማቶኬ ነው፤ አረንጓዴ ሙዝ ተቀቅሎና ተጨፍልቆ በለውዝ ወጥ ይበላል። ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋው ፖሾ ከባቄላ ጋር የዕለት ምግብ ነው። መንገድ ላይ ሮሌክስ አለ፤ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ ትኩሱን ይሰጣችኋል፣ ርካሽ ነው፣ ጣፋጭ ነው። ካምፓላ የተመደበ ልጅ ካባላጋላ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያገኛል። ከከተማ ርቆ የተመደበው ግን እናቱ የቋጠረችለት በርበሬና ሽሮ እስኪያልቅ ነው ደስታው። ዳቦ ቆሎ ቋጥሩላቸው፤ አይበላሽም፣ ከባልደረባም ጋር ያፋቅራል።

የተሰጣችሁን ብሉ። ለእንግዳ ዶሮ ያረደ ድሃ ቤት ውስጥ «አልራበኝም» ማለት ትልቅ ቁስል ይተዋል።

ቡና ሲቀርብስ?

ይህ በእኛ ሰው ዘንድ ከሥላሴ ትምህርት በላይ ያከራክራል። የቤተክርስቲያኗ አባላት እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ በያዙት የጤና ሕግ መሠረት ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይወስዱም። ኡጋንዳና ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቡና በማምረት ግንባር ቀደም አገሮች ናቸው፤ ኡጋንዳውያን ግን ለእንግዳ የሚያፈሉት በወተት የፈላ ሻይ ነው፤ ቡናው የሚመጣው የሐበሻ ቤት ስትገቡ ነው።

ምክሬ ይህ ነው፦ ቡናው ሳይቆላ ተናገሩ። ከተቆላ፣ ከተወቀጠ፣ ከተፈላ በኋላ «አልጠጣም» ማለት የሴትየዋን ድካም ሜዳ ላይ መጣል ነው። ገና ስትገቡ «እማማ፣ እኔ ቡና አልጠጣም፣ ግን ከእናንተ ጋር መቀመጥ እፈልጋለሁ» በሉ። ቁጭ በሉ፣ ፈንዲሻውን ብሉ፣ ዕጣኑን አሽቱ፣ እስከ በረካው ቆዩ። ትኩስ ወተት ወይም ውኃ ያቀርቡላችኋል። አብሮ መቀመጡን ከያዛችሁ ሲኒውን ያለመያዛችሁ ይቅር ይባልላችኋል።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከምዕራብ አውሮፓና ከመሳሰሉት አገሮች የሚሄድ ሚስዮናዊ ወይም ቤተሰቡ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 500 ዶላር ሆኗል፣ ከዚያ በፊት 400 ነበር። የተመደበበት አገር ውድ ይሁን ርካሽ ክፍያው አንድ ነው። አቅም በሌለበት አገር የሚኖር ወጣት በሚችለው መጠን ያዋጣል፤ የቀረው ከቤተክርስቲያኗ የሚስዮን መዋጮ ይሸፈናል። የቤት ኪራዩን ሚስዮኑ ይከፍላል፤ ለምግብና ለትራንስፖርት በየወሩ መጠነኛ አበል ይሰጣል። አበሉ ይበቃል፣ አይተርፍም። ከአበሉ ቆጥቦ ወደ ቤት ለመላክ የሚያስብ ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያ ገንዘብ የመጣው መበለት ከመቀነቷ ፈትታ ከሰጠችው መዋጮ ጭምር ነው።

ልጄን በስልክ አገኘዋለሁ?

አዎ፣ በየሳምንቱ። እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 2019 ድረስ ሚስዮናዊ ወደ ቤት የሚደውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ የቀረው ደብዳቤና ኢሜይል ነው። አሁን በዝግጅት ቀኑ በቪዲዮም በድምፅም ያወራችኋል።

እናቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ስትደውሉ አታልቅሱበት። አልቅሱ፣ ግን ስልኩን ዘግታችሁ። የተጣላችሁትን ጎረቤት፣ የጨመረውን የዘይት ዋጋ፣ የታመመውን አጎት በአንድ ትንፋሽ ብትነግሩት ሳምንቱን ሙሉ ሐሳቡ እዚህ ነው። ሞት ቢመጣ ግን አትደብቁት። በእኛ አገር መርዶ ማቆየት ልማድ ነው፤ «አገልግሎቱን እንዳናሰናክለው» ብሎ የአያቱን ሞት ለወራት የደበቀ ቤተሰብ አውቃለሁ። ልጁ ሲመለስ ያዘነው በአያቱ ሞት ብቻ አልነበረም፤ ሳያምኑት በመቅረታቸውም ነው። ለሚስዮኑ መሪ ንገሩ፤ ልጁን ተቀምጦ የሚነግረው፣ አብሮት የሚጸልይ ሰው ያዘጋጃሉ።

ቤተሰቤ ኦርቶዶክስ ነው። «ማተብህን በጠስክ» ይሉኛል። ምን ልበል?

ብዙዎቻችን እዚህ ቦታ ቆመን እናውቃለን። የሚጎዳው ክርክሩ አይደለም፣ እናት ምግብ እያቀረበች ዝም ስትል ነው። የማምነው ይህን ነው፦ ልጅ ቤተሰቡን አክብሮ መሄድ ይችላል። የእናትህን ጾም አታቃልል። አሁን የምትጸልይበትን ልብ የሰጠችህ በሌሊት ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ የምትወጣው እርሷ ናት። ከመሄድህ በፊት ምርቃቷን ለምን፤ እምነትህን ባትቀበልም ልጇን ትመርቃለች። በሌላ አገርም የምታስተምራቸው ሰዎች እናት አላቸው። የቤተክርስቲያኗም ደንብ ይህንኑ ያከብራል፦ ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅ አይጠመቅም፣ ያለ ባሏ ፈቃድም ሚስት አትጠመቅም።

ከባድ ጥያቄ ሲጠይቁን፣ ለምሳሌ «ቤተክርስቲያናችሁ ጥቁር ትከለክል ነበር» ሲሉን?

እውነቱን ንገሩ። እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 1978 ድረስ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር፤ ጥቁር ወንዶችና ሴቶች ከቤተመቅደስ ሥርዓቶችም ተገልለው ነበር። በ1978 ክልከላው ተነሳ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚስዮናውያን ናይጄሪያና ጋና ገቡ። ለክልከላው ቀድሞ ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች ቤተክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ጽሑፍ አትቀበላቸውም ብላለች። ይህን ለአንድ ኡጋንዳዊ ሽማግሌ ያለ ማለባበስ መንገር ለአፍሪካዊ ልጅ ቀላል አይደለም፤ ለእኔም አልነበረም። ያም ሆኖ የሚያሳፍረው ታሪኩን መናገር ሳይሆን መደበቅ ነው።

ስለ ብዙ ሚስት ጋብቻም ይጠይቃሉ፤ ኡጋንዳ ውስጥ ጉዳዩ በየመንደሩ ያለ ስለሆነ የሚጠየቀው ለክርክር ብቻ አይደለም። ቤተክርስቲያኗ ልማዱን ማቆሟን ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፤ ዛሬ የሚፈጽም አባል ከአባልነት ይሰናበታል።

ሰው ሲያባርራቸው፣ ሲሰድባቸውስ?

አመስግኖ መሄድ ነው። አልፈልግም ያለን ሰው መጫን ስብከት አይደለም።

ሴት ልጄን እንዴት ብቻዋን እልካለሁ?

ብቻዋን አትሄድም፤ ባልደረባዋ ሴት ናት፣ ሁልጊዜም አብረው ናቸው። ያላገቡ እህቶች በሙሉ ጊዜ ሚስዮናዊነት መላክ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፤ የመጀመሪያዎቹም ወደ እንግሊዝ ነበር የሄዱት። ማታ የሚገቡበት ሰዓት ተወስኗል፣ ወንድ ብቻውን ያለበት ቤት አይገቡም፣ የሚስዮኑ መሪና ባለቤቱ በስልክ ቅርብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ሱሪ መልበስ ተፈቅዷል፤ በኡጋንዳ ገጠር ግን ረዘም ያለ ጉርድ የታላላቆችን አክብሮት ያስገኛል። አገልግለው የተመለሱ እህቶች ንግግራቸው፣ አቋማቸው፣ ሰው ፊት መቆማቸው ይለወጣል። ያየሁት ነውና ደፍሬ እናገራለሁ።

ፍቅረኛ መያዝ ይቻላል?

በአገልግሎት ላይ አይቻልም። አገር ቤት ያለችውን «ጠብቂኝ» ብሎ ማሰርም ተገቢ አይመስለኝም።

ቢታመም፣ ወይም ናፍቆት ቢያሸንፈው?

ወባ እውነተኛ ጉዳይ ነው። አጎበር በየሌሊቱ፣ የተጣራ ውኃ ሁልጊዜ፣ ትኩሳት ሲጀምር በዚያው ቀን ምርመራ። «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» ማለት የእኛ አመል ነው፤ ወባ ላይ አይሠራም። ለሚስዮናውያን ጤና የተመደቡ ሰዎች ስላሉ መደወል ነው። ከመሄዱ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ ይክተት።

ናፍቆት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና በበዓል ነው። የእኛ ገና ሲደርስ እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ፋሲካም ብዙ ጊዜ ቀኑ አይገጥምም። ያን ቀን ባልደረባችሁን ሽሮ ሠርታችሁ አብሉት፣ ስለ በዓሉ ንገሩት።

ከናፍቆት የሚያልፍም አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ በማንኛውም ነገር አለመደሰት፣ መኖርን መጥላት። ይህ የእምነት ማነስ ሳይሆን ሕመም ነው። ለሚስዮኑ መሪ ይነገር፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማነጋገር ይቻላል፣ ካስፈለገም ቀድሞ መመለስ ይቻላል።

ቀድሞ ስለተመለሰ ልጅ ለወላጆችና ለቅርንጫፍ አባላት የምለው አለኝ። አየር ማረፊያ በአበባ ተቀበሉት። «ለምን መጣህ?» ብሎ የመጀመሪያ ጥያቄ የለም። ሦስት ወር ያገለገለ አገልግሏል። ሰፈር ምን ይለናል ብላችሁ ልጁን ቤት ውስጥ አትደብቁት፤ እሁድ ከእናንተ ጋር መካከል ላይ ይቀመጥ። እንዲህ የተደበቁ ልጆች ከቤተክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ከሰውም ሲርቁ አይቻለሁ፤ ያ እንዳይደገም ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

ነጭ ሸሚዞች፣ ጨለም ያለ ሱሪ፣ ክራባት፣ አንድ ሙሉ ልብስ፣ ለሥራ የሚሆን የድሮ ቲሸርትና ሱሪ። ጫማው ላይ ቆጥባችሁ አትግዙ፤ ሶሉ የወፈረ፣ የተለማመዱት፣ ሁለት ጥንድ። ጃንጥላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ የስፌት ዕቃ። የመድኃኒት ማዘዣ ያለው ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ይያዝ። የቤተሰብ ፎቶ በወረቀት የታተመ ይሁን፤ ሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወላጆችህ አሉ?» ነውና አውጥታችሁ ታሳያላችሁ። ከሻንጣው ክብደት የተረፈው ለበርበሬው ይሁን፤ በደንብ አሽጋችሁ፣ በሁለት ላስቲክ፣ ከሸሚዞቹ ራቅ አድርጋችሁ።